ጀርባውን የሰጠኝ ውሻ

የልጅነታችን ውሻ ስሙ መቻል ነበር። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፤ ያወጣችው ግን ለውሻው ብላ አይደለም። ያኔ ከጎረቤታችን ጋር በአጥር ተኳርፈን ነበር። እናቴ ፊት ለፊት ቆማ የማትናገረውን ነገር በውሻ ስም አድርጋ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ግቢው መሀል ትጣራለች። «መቻል! መቻል! ና እንጂ፣ የት ሄድክ?» ጎረቤት ይሰማል፣ ውሻውም ይመጣል። የደብረ ብርሃን ሰው ለዚህ አዲስ አይደለም፤ በእኛ ሰፈር ብቻ የሰው መልእክት ተሸክመው የሚዞሩ ሦስት አራት ውሾች ነበሩ።

ስለ መቻል እስካሁን ትዝ የሚለኝ ፊቱ ሳይሆን ጀርባው ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጅራቱን ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ያደርግና፣ ሰላምታውን እንደጨረሰ ሽማግሌ ዞሮ ቦታው ላይ ይተኛል። ቦታው የግቢው በር ሥር ነው፤ አፍንጫው ወደ ቆርቆሮው፣ ጀርባው ወደ እኛ። ማታ ምድጃ ዙሪያ ተሰብስበን ቀና ስንል የምናየው ያንኑ ቡናማ ጀርባ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው፤ እሱ ጥቅልል ብሎ ጆሮውን ብቻ ያቆማል። ከበሬሳ ወንዝ ወዲያ ጅብ ሲጮኽ ከሆዱ የሚወጣ አንድ ወፍራም ድምፅ ያሰማል፤ እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ ያንን ድምፅ ስሰማ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብሮን ሲኖር ትኩር ብሎ ዓይኔን ያየበትን አንድ ቀን አላስታውስም። አይወደኝም ብዬ ደምድሜ ነው ያደግሁት።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ አብራን የምትኖረው ዳማ ሴት ናት። ስሟ ከቀለሟ ነው። ዳማ ደግሞ ሁለመናዋ ዓይን ነው። ሻይ ስጠጣ ታየኛለች፤ ስልክ ሳወራ ታየኛለች፤ ጫማዬን ሳስር አገጯን መሬት ላይ አስደግፋ ከታች ወደ ላይ ታየኛለች። ባለቤቴ «ይቺ ውሻ የሆነ ነገር ልትነግርህ ፈልጋ ቃሉ የጠፋባት ነው የምትመስለው» ትላለች።

ልዩነታቸው የጾታ ነው? ጥያቄውን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሳ ያመነታ ሰው አልነበረም። አንዱ «ሴት ውሻ ፍቅር ናት፣ ወንዱ ሥራ ነው» አለኝ። ሌላው «ሴቷ ወንድ ጌታ ትመርጣለች፣ ወንዱ ደግሞ እመቤቱን» ብሎ ከአክስቱ ቤት ማስረጃ አመጣ። ሦስተኛዋ «ሴቷ ተንኮለኛ ናት፣ ወንዱ ግን የዋህ ነው» አለች። ምሳችንን በልተን ሳንጨርስ ስለ ውሻ ማውራት ትተን ስለ ባልና ሚስት እያወራን እንደሆነ አንዳችንም አላስተዋልንም።

አማርኛም ቢሆን ዝም ብሎ አያሳልፍም። ውሻ ልትጠራ አፍህን ከመክፈትህ በፊት ጾታውን መወሰን አለብህ፤ ወይ «ና» ነው፣ ወይ «ነይ»። መሀል ላይ የሚቆም ጥሪ የለም። («ይምጡ» ተብሎ በአንቱታ የተጠራ ውሻ እስካሁን አላጋጠመኝም።) ቡችላ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። አማርኛ ትንሽና የሚያሳሳውን ነገር ሁሉ ሴት ያደርገዋልና ወንዱንም ቡችላ «ነይ የኔ ሚጢጢ» እንለዋለን። እናቴ እኔንም ስታቆላምጠኝ «አንቺ» ትለኝ ነበር፣ እህቴን ደግሞ «አንተ»። መቻልም ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ቤታችን ውስጥ «እሷ» ነበር። ጥርሱ ጠንክሮ መንገደኛ ማስደንገጥ ሲጀምር ወደ «እሱ» ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲያ ጭንቅላቱን የዳበሰለት ሰው ካለ እኔ አላየሁም። የወንድ ውሻ ፍቅር ቁጥብ ነው ስንል፣ ማን ቀድሞ እንደቆጠበ የጠየቀ የለም።

መቻል ብቻውን አልመጣም። አባቴ ከገጠር በጆንያ ይዞ የመጣው ሁለት ቡችሎች ነበር፣ ወንድምና እህት። እናቴ አንድ በአንድ እያነሳች ሆዳቸውን ገልብጣ አየች። ወንዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሴቷን እንደያዘች ወደ አባቴ ዞራ «ይቺን ምን ላድርጋት?» አለች። አባቴ መልስ አልነበረውም።

አሁን ሳስበው ጭካኔ ብቻ አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች። ያን ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ አጥር ሥር ያድራል፤ ይጮኻል፣ ይናከሳል፣ አጥር ይሸነቁራል። ከዚያ 63 ቀን ያህል ቆጥረህ አምስት ስድስት ቡችላ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ በሚያስደነግጥበት ከተማ፣ ትርፍራፊው ለአንድ ውሻ እንኳ በማይበቃበት ቤት፣ ያን ሁሉ አፍ ማን ይቀልባል? ውሻ ሐኪም ዘንድ ወስዶ ማምከን የሚባለውን በሰፈራችን የሰማ አልነበረም። ስለዚህ በየግቢው ወንዱ ይቀራል፣ ሴቷ ትወጣለች። ጎዳና ላይ ጡቷ ወርዶ ከነቡችሎቿ የምታዩዋት ውሻ አመጣጧ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

የእኛዋ የወጣችው በእኔ እጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ዘንቢል ውስጥ ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጋር አስቀመጠቻትና «ወፍጮ ቤቱ ጋ አድርጋት፤ እዚያ ዱቄትም ሰውም አይጠፋም» አለችኝ። ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አህዮች የሚታሰሩበት ቦታ ላይ አወረድኳት። እግሬ ሥር ቁጭ ብላ፣ ቀና ብላ አየችኝ። ሮጥኩ። ቤት ስደርስ መቻል በሩ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ተኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ እህል አስፈጭ ስባል እህቴን እለምናት ነበር፤ ለአንድ ጉዞ የአንድ ሳምንት የቤት ሥራ ሠርቼላት አውቃለሁ። ስለ ቡችላዋ ግን ቤታችን ውስጥ ዳግመኛ አልተነሳም።

ዳማ ከመጣች በኋላ ማታ ማታ ስለ ውሻ ዓይን ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የያዘኝ በጃፓን አዛቡ ዩኒቨርሲቲ ሚሆ ናጋሳዋና ታኬፉሚ ኪኩሱይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። ውሻና ጌታው አንድ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት አብረው ይቆያሉ፤ ከመግባታቸው በፊትና ከወጡ በኋላ የሁለቱም ሽንት ይመረመራል። የሚፈለገው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ነው። ጌታቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ትኩር ብለው ያዩት ውሾች ሆርሞናቸው ጨመረ፤ የታዩት ሰዎችም እንደዚያው። በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ሲሞከር ይህ አልታየም። ተኩላ አሳዳጊውን ዓይን ዓይኑን እምብዛም አያይም።

እህቴ አዋላጅ ነርስ ስለሆነች ደወልኩላት።

«ኦክሲቶሲን? እሱ እኮ እናት እንደወለደች ጭኗ ላይ 10 ዩኒት የምንወጋት ነው፣ ደም እንዳይፈሳት። ውሻ ምን አገባው?»

ማህፀን የሚያኮማትረው፣ ወተት ወደ ጡት ጫፍ የሚገፋው ያው ሆርሞን እናትና ሕፃን ሲተያዩ ከሚያስተሳስሯቸው ነገሮች አንዱ እንደሆነ ማብራራት ጀመርኩ። ለሃያ ዓመት ሴት ስታዋልድ የኖረች ታላቅ እህትን ስለ ኦክሲቶሲን ማስተማር ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። እስክጨርስ ታገሰችኝና «እና ውሻህ እንደ እናት ነው የምታይህ ወይስ እንደ ልጅ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ጃፓኖቹ የሚሉት እናትና ሕፃንን በዓይን የሚያገናኘውን ያንን ጥንታዊ መንገድ ውሻም ከሰው ጋር ሲኖር ኖሮ ገባበት ነው።

እኔን የነካኝ ግን ሁለተኛው ሙከራቸው ነው። ለውሾቹ ኦክሲቶሲን አፍንጫቸው ውስጥ ነፉላቸው፤ ለማነጻጸሪያ ደግሞ ጨዋማ ውሃ። ከዚያ ጌታቸውና ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ጌትዬው እንዳያወራ፣ እንዳይነካቸው ተነግሮታል። ሴቶቹ ውሾች ጌታቸውን ማየት አበዙ። ምንም ያልተነፋበት ጌታቸውም፣ በመታየቱ ብቻ፣ ሆርሞኑ ጨመረ። ወንዶቹ ውሾች ላይ ግን አንዳች ለውጥ የለም።

እዚህ ላይ ባቆም ለምሳ ጠረጴዛችን ትልቅ ድል ነበር፤ ሴቷ ፍቅር፣ ወንዱ ሥራ። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አንድ ሌላ ነገር ጠቁመዋል። ኦክሲቶሲን ልብ የሚያላላ ብቻ አይደለም፤ ወገንን ከባዕድ በመለየት በኩል ንቃት ሊጨምርም ይችላል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ቫዞፕሬሲን የተባለው ሆርሞንም በአንዳንድ አጥቢ እንስሳት ወንዶች ላይ የራስን ወሰን ከመጠበቅ ጋር የተያያዘ ነው። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሁለት እንግዶች ተቀምጠዋል። ወንዱ ውሻ ጌታውን አብዝቶ ያላየው ዓይኑን ለእንግዶቹም ማካፈል ስለነበረበት ሊሆን ይችላል።

ይህን አንብቤ ኮምፒውተሩን ከደንኩት። ሰላሳ ዓመት ያለፈው ያ ቡናማ ጀርባ ፊቴ ድቅን አለ። አማርኛ «ጀርባውን ሰጠኝ» የሚለው ለከዳ ሰው ነው። መቻል ግን ጀርባውን የሰጠን የሚያምነን እኛን ብቻ ስለነበር ሊሆን ይችላል። ውሻ ጀርባውን ወደ ጠላት አያዞርም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊቱን የከለከለኝ ቆርቆሮውን ሊያይልኝ ከነበረ፣ እኔ ምድጃው ዳር ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ፍቅር ምን ዓይነት ነበር?

እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ሲጥም ነው መጠንቀቅ። ያ ሁለተኛ ሙከራ የተሠራው ሰላሳ በማይሞሉ ውሾች ላይ ነው። በአፍንጫ የተነፋ ኦክሲቶሲን ምን ያህሉ አንጎል እንደሚደርስ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ገና ይከራከራሉ። ወደ ኋላ ሄጄ ሳነብ ደግሞ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ አንድ የቡዳፔስት ጥናት አገኘሁ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ መነበብ ያለበት እሱ ነው። ዮጄፍ ቶፓልና ባልደረቦቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስወርዝ ለሕፃናት ያዘጋጀችውን ፈተና ወስደው በ51 ውሾች ላይ ሞከሩት። ሕፃኑ እናቱ ከክፍሉ ስትወጣ፣ እንግዳ ሰው ሲገባ፣ ከዚያ እናቱ ስትመለስ ምን ያደርጋል የሚለውን የሚያይ ፈተና ነው። ውሾቹ እንደ ሕፃናቱ ሆኑ፤ በር ሥር ቆሙ፣ ጌታቸው ሲመለስ ተንደርድረው ሄዱ፣ እሱ ባለበት ሲጫወቱ እሱ ሲወጣ መጫወት ተዉ። ከውሻ ውሻ ልዩነቱ ብዙ ነበር። ጾታ ግን፣ ዕድሜና ዘርም ጭምር፣ በአብዛኞቹ መለኪያዎች ላይ ምንም አላሳየም።

ማለትም ጌታው ሲወጣ ወንዱም ሴቷም ይጨንቃቸዋል። እንግዲህ ልዩነት አለ ከተባለ ያለው ከመጣበቁ ላይ ሳይሆን ዓይን ከሚዞርበት አቅጣጫ ላይ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልኩት።

ስለ ዓይን ካነሳን የቪየናዎቹን የኳስ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮርሲን ሙለርና ጓደኞቹ 50 ውሾች አስቀምጠው የቴኒስ ኳስ ከአንድ ሰሌዳ ጀርባ እንዲያልፍ አደረጉ። አንዳንዴ ያው ኳስ በወዲያኛው በኩል ይወጣል፤ አንዳንዴ ግን ትንሽ ሆኖ የገባው ትልቅ ሆኖ፣ ወይም ትልቁ ትንሽ ሆኖ ብቅ ይላል። ሴቶቹ ውሾች መጠኑ የተለወጠውን ኳስ አፍጥጠው ቀሩ። ወንዶቹ ያው ኳስ ወጣ ተለወጠ ግድ ያላቸው አይመስልም። ለምን እንደሆነ በቂ ማብራሪያ አላየሁም። እኔም ቤት ውስጥ በቴኒስ ኳስና በትርንጎ ሞከርኩት፤ ኳሱን ከሶፋው ጀርባ አንከባልዬ በወዲያኛው ጫፍ ባለቤቴ ትርንጎውን ለቀቀች። ዳማ ትርንጎውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ከዚያ ባለቤቴን አየች፣ ከዚያ እንደገና እኔን። ማነጻጸሪያ ወንድ ውሻ ስላልነበረን ሳይንሳዊ ዋጋ የለውም፤ ግን የታዘበችን ይመስለኛል።

«ሴት ውሻ ወንድ ጌታ ትመርጣለች» የሚለውስ? ቤልፋስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በማቆያ ያሉ ውሾች ፊት ሴቶችና ወንዶች ተራ በተራ ቆመው ነበር፤ ውሾቹ የበለጠ የጮኹት ወንድ ሲቆምባቸው ነው። ሰዎቹ ራሳቸው እንደሚለያዩም ታይቷል፤ የጣልያን ተመራማሪዎች ሴት ጌቶች ከወንዶቹ ይልቅ ውሻቸውን እንደሚያዋሩ አስተውለዋል። እኛ ቤት ይህንን ለማረጋገጥ ጣልያን መሄድ አያስፈልግም። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ለዳማ የቀኑን ሁሉ ወሬ ትነግራታለች፤ የቤት ኪራይ፣ የጤፍ ዋጋ፣ የወንድሟ ሠርግ። እኔ የምነግራት «ነይ»ና «ተይ» ብቻ ነው። ታዲያ የምታየው እኔን ነው። ለረጅም ጊዜ በዚህ ኮርቼ ነበር። ኋላ አንድ ቀን ባለቤቴ ቁርሷን የምሰጣት እኔ መሆኔን አስታወሰችኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ።

ኩራቴን ጨርሶ ያፈረሰው ግን የነጠላ ጫማው ጉዳይ ነው። ዳማ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ የሰፈሩ ወንዶች አጥራችንን ከበው ከሄዱ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማዬን ሰርቃ ደረጃ ሥር ገባች። አሮጌ ጆንያ እየጎተተች አነጠፈችለት፤ ላሰችው፤ ጠጋ ስል ጥርሷን አሳየችኝ። የእኔን! የባለቤቴን ሳይሆን የእኔን ጫማ! ሽታዬን ወዳ ነው ብዬ ስንት ቀን ለሰው አወራሁ። በመጨረሻ ጡቷ አብጦ ሳይ ፈርቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ወጣቱ ሐኪም ሆዷን ዳብሶ ፈገግ አለ። «አይጨነቁ፣ የውሸት እርግዝና ነው። ጫማው ለእሷ ቡችላ ነው።» ከድራት፣ ማለትም ወንድ ከምትፈልግበት ጊዜ፣ በኋላ ብታረግዝም ባታረግዝም የሴት ውሻ ሰውነት ለሁለት ወር ያህል እንዳረገዘች ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ አንዱ ሆርሞን ሲወርድ ፕሮላክቲን የተባለው ይነሳና ወተት ያመጣል፣ ጎጆ ያሠራል፣ ያገኘችውን ነገር ያሳቅፋታል። እኔ የፍቅር ደብዳቤ ያደረግሁት ነገር የሚመለከተው እኔን አልነበረም። ያን ሰሞን እንዲያውም አላየችኝም፤ ዓይኗ ሁሉ ጫማው ላይ ነበር።

ከወራት በኋላ አመከንናት። ዓይኗ ላይ ቅንጣት ለውጥ አላየሁም። ወንዶቹ ሲኮላሹ ግን መባዘንና በየግድግዳው መሽናት ብዙዎቹ ላይ ይቀንሳል። እንግዲህ «ወንድ ውሻ ቤቱን ይተዋል፣ ሴቷ ግን ቤቷን ትወዳለች» ይባል የነበረው ወሬ ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ወሬ ነበር ማለት ነው፤ የልብ አይደለም። ሌላም የሚከነክነኝ አለ። ከቤልፋስቱ በቀር እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት ቶኪዮ፣ ቪየና፣ ቡዳፔስት አካባቢ ቤት ውስጥ በሚኖሩ፣ ሶፋ ላይ በሚተኙ ውሾች ላይ ነው። አብዛኛው የዓለም ውሻ ግን በአጥር ሳይዘጋ፣ ሰው በሚጥልለት እየኖረ፣ የእኔ ነው የሚለው አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ሰፈር ይዞ ነው የሚያድረው። የሥጋ ቤቱ በር ላይ የተኛችው ውሻ ጌታዋ ማን ነው? ማንን ትኩር ብላ ታያለች? ቢላዋ የያዘውን፣ ይመስለኛል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከእኛው ተራራ አለ። የባሌው ቀይ ቀበሮ የውሻ ዘመድ ነው፤ በመንጋ ይኖራል፣ ግልገል ሲወለድ መንጋው ሁሉ ጉድጓዱን ይጠብቃል፣ ይመግባል። ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ውስጥ ይቀራሉ። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሌላ ቦታ ፍለጋ ከሚወጡት ውስጥ አብዛኞቹ ሴቶቹ ናቸው። ወንዱ ይቀራል፣ ሴቷ ትወጣለች። ይህን ያነበብኩ ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቀበሮዋ ግን በራሷ እግር ነው የምትወጣው፤ በዘንቢል ተሸክሞ የሚያወጣት የለም።

አምና እናቴ ለዓይን ሕክምና መጥታ እኛ ዘንድ ሰነበተች። ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶባት ነበርና ሰውን የምትለየው በአረማመዱ ነው። ያን ጊዜ ከጎናችን ቤት ይሠራ ነበር፤ የማናውቃቸው ሠራተኞች ከጠዋት እስከ ማታ በራችን ላይ ይወጡ ይገቡ ነበር። ዳማ እኔን ማየት ቀንሳ የግቢው በር ሥር መተኛት የጀመረችው ያኔ ነው። እናቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች «ና! ና እስቲ አንተ!» እያለች ትጠራታለች። ዳማም ጆሮዋን ብቻ ታዞራለች።

«ሴት ናት እኮ እማዬ።»

«ሴት?» አለች። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ በሩ ተመለከተች። «እንዲህ በሩ ላይ ተኝታ?» ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እንደዚያችኛዋ» አለች።

«እንደ የትኛዋ?»

«ወፍጮ ቤት እንዳስቀመጥካት።»

ሠላሳ ስንት ዓመት ሙሉ ሞታለች፣ ወይ ጅብ በልቷታል ብዬ ነበር የምኖረው። እናቴ የምትነግረኝ ደግሞ ሌላ ነው። ቡችላዋን የወፍጮ ቤቱ ሰዎች አሳደጓት። ዘበኛው ሲተኛ እሷ አትተኛም። ስምንት ዘጠኝ ዓመት እዚያው በሩ ላይ ኖረች፤ እህል የሚሰርቅ ሰው በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ ነበር። እናቴ ልታስፈጭ በሄደች ቁጥር የደረቀ እንጀራ በጨርቅ ቋጥራ ትወስድላት ነበር። ለአባቴም ለእኛም አልተናገረችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሄደህ ይዘሃት ትመጣለህ ብዬ ነዋ። ያኔ ደግሞ ሁለተኛ ላስወጣት ነው?»

ዳማ በሩ ላይ ድንገት ተነስታ ቆመች፤ ከውጭ የአሸዋ መኪና ኋላውን እየሰጠ ነበር። ተመልሳ ተኛች፣ ጀርባዋን ወደ እኛ አድርጋ።

«ስሟ ማን ነበር?» አልኩ።

«ስምስ አላወጡላትም። እኔ ስደርስ ‹ነይ› እላታለሁ፣ ዱቄቷን እያራገፈች ትመጣለች።»